በዲዲ-214 ላይ የቀረ ሜዳይና የተሳሳተ ቀን፦ ከድሬዳዋ ሆኖ ስለማስተካከል

የጥያቄው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጠያቂው የድሬዳዋ ሳቢያን ነዋሪ ሲሆኑ፣ በ2009 አማርኛን ጨምሮ ተፈላጊ ቋንቋ የሚናገሩ የውጭ ተወላጆችን ይቀበል በነበረው ፕሮግራም ወደ አሜሪካ ምድር ጦር ገብተው የጭነት መኪና ሾፌር ሆነው አገልግለዋል። ከማርች 2011 እስከ ማርች 2012 አፍጋኒስታን ዘምተው በ2013 በክብር ተሰናብተዋል። ዲዲ-214 በተባለው የስንብት ወረቀታቸው ላይ የአባታቸው ስም ተዛብቶ ተጽፏል፤ ዘመቻው ኦክቶበር 2011 ላይ እንዳበቃ ሰፍሯል፤ የተሸለሙት የምስጋና ሜዳይ የለም፤ የዘመቻ ሜዳዩም አንድ ኮከብ ብቻ ነው ያለው። መንገድ ላይ በፈነዳ ቦምብ ራሳቸውን ስተው ታክመው ሳለ የውጊያ ባጅም የቁስለኛ ሜዳይም አላገኙም። የልደት ዘመናቸውም ትክክል አይደለም። አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ፋይልህ በቃጠሎ ጠፍቷል፣ ጊዜውም አልፎበታል፣ ከከፈልከኝ ግን አስጨርስልሃለሁ» ስላላቸው እውነት መሆኑን ይጠይቃሉ።

ከሁሉ በፊት ከጥያቄዎ ጋር ያያያዙትን የወረቀቱን ፎቶ ያስነሡ። ሳጥን 3 ውስጥ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርዎ ሙሉ በሙሉ ይነበባል። ወረቀቱን ለማንም ሲያሳዩ ያንን ሳጥን ሸፍነው ይሁን።

እኔ በዚያው ጦር የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባ ሆኜ ለብዙ ዓመታት ይህንኑ ወረቀት ስሞላ ኖሬ አሁን ሐረር ተመልሼ የምኖር ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ስህተቱ በየት በኩል እንደሚገባም አውቃለሁ። ተሰናባቹ ሳጥን 21 ላይ የሚፈርመው ልቡ አስቀድሞ አየር ማረፊያ ደርሶ ነው፤ ጸሐፊው ደግሞ ከበሩ ውጭ ሌላ አሥር ሰው ይጠብቀዋል። «አንብበው» ይባላል፤ የሚያነብ ግን ጥቂት ነው። የቀናት ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የተንኮል ሳይሆን የእንዲህ ያለ ጥዋት ውጤት ነው።

በዚህ መልስ ቀኖቹን በወረቀቶቹ ላይ እንዳሉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ጉዳይ አስፈጻሚው የነገረዎት ቃጠሎ በእርግጥ ደርሷል፤ እርስዎን ግን አይመለከትም። ጁላይ 12 ቀን 1973፣ በእኛ ሐምሌ 5 ቀን 1965፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዛግብት ማዕከል የላይኛው ፎቅ ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት ፋይል ጠፍቷል። ከምድር ጦሩ የተቃጠለው ከኖቬምበር 1 ቀን 1912 እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ድረስ የተሰናበቱ ሰዎች ፋይል ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ 80 በመቶ ያህሉ ወድሟል። በ2013 የተሰናበተ ወታደር ፋይል በኮምፒውተር ተቀምጦ የሚገኝ በመሆኑ፣ ስለዚያ ቃጠሎ የሚያወራዎት ሰው ወይ አያውቅም ወይ እንዳያውቁ ይፈልጋል። «ጊዜው አልፏል» ስለተባለውም ነገር ከታች እመለስበታለሁ። ክፍያን በተመለከተ ፋይልዎን ለማውጣትም ሆነ እርማት ለመጠየቅ መንግሥት አንድ ሳንቲም አያስከፍልም፤ እንደ አሜሪካን ሊጅን ያሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮችም ማመልከቻውን ያለ ክፍያ አብረው ይሠራሉ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንገባ፣ እርስዎ አምስት ስድስት ስህተቶችን አንድ ላይ ጠቅልለው «ይታረምልኝ» ለማለት አስበዋል። እንደዚያ ካደረጉ ቶሎ ሊያልቅ የሚችለው ቀላሉ ጥያቄ ከከባዱ ጋር ታስሮ ወራት ይጠብቃል። ስህተቶቹ ዓይነታቸው ይለያያል። የአንዳንዱ ማስረጃ ፋይልዎ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ወደ ስንብት ወረቀቱ ሳይገለበጥ የቀረ ነው፤ ይህ የጸሐፊ ሥራ ነው። ሌላው ማንም ባለሥልጣን ትእዛዝ አውጥቶበት የማያውቅ ነገር ነው፤ ይህ የውሳኔ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያው ሥራዎ እያንዳንዱ ስህተት ከሁለቱ በየትኛው እንደሚመደብ መለየት ሲሆን፣ ያንን ደግሞ ሙሉ ፋይልዎን ሳያዩ ማወቅ አይችሉም።

ስለዚህ ኤስኤፍ 180 በተባለው ቅጽ ወይም በብሔራዊ መዛግብቱ ድረ ገጽ በኩል የስንብት ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሙሉ የሠራተኛ ፋይልዎንና የሕክምና መዝገብዎን ይጠይቁ። ቅጹ ላይ ምልክት የሚደረግበት ቦታ ስላለ ብዙ ሰው ዲዲ-214ን ብቻ መርጦ ያንኑ በእጁ ያለውን ስህተት መልሶ ይቀበላል። የትኛው ቅጂ እንደሚላክልዎትም ልብ ይበሉ። ባለፈው ጊዜ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ሻይ ይዘን እንደተቀመጥን አንድ የቀድሞ ወታደር በፕላስቲክ የታሸገ ወረቀቱን አውጥቶ «ሥሩን ቆርጠውብኛል» አለኝ። ወረቀቱ ሳጥን 22 ላይ ያበቃል። ማንም አልቆረጠበትም፤ የያዘው የአባል ቅጂ 1 የሚባለው አጭሩ ነበር። የስንብቱን ዓይነትና ምክንያት የያዙት ከ23 እስከ 30 ያሉት ሳጥኖች የሚገኙት በቅጂ 4 ላይ ነው። ለማንኛውም ጥያቄ የሚያስፈልግዎት ቅጂ 4 ነው።

አሁን የራስዎን ሳጥኖች እንመልከት። ሳጥን 18 ውስጥ የአፍጋኒስታን አገልግሎትዎ 20110314-20111010 ተብሎ ሰፍሯል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን ሳይለያዩ ተጣብቀው የሚጻፉበት መንገድ ነው። እንደ ጻፉልኝ ኦክቶበር ላይ ለእኅትዎ ሰርግ የ15 ቀን የዘመቻ እረፍት ወስደው ድሬዳዋ መጥተዋል። ጸሐፊው ለእረፍት የወጡበትን ቀን እንደ ዘመቻ ማብቂያ ቆጥሮታል ብዬ እገምታለሁ፤ ይህን ስህተት ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ስህተቱ ብቻውን አለመሆኑን ነው። በሳጥን 12 ፊደል ኤፍ ላይ የውጭ አገር አገልግሎትዎ 6 ወር ከ27 ቀን ተብሏል፤ ትክክለኛው ማብቂያ ማርች 10 ቀን 2012 ከሆነ 11 ወር ከ27 ቀን መሆን አለበት። አንዱን ብቻ ካሳረሙ ወረቀቱ እርስ በርሱ ይጣላል።

ለዚህ ማስረጃው የዘመቻ ትእዛዙ ብቻ አይደለም፤ ትእዛዝ «ለ365 ቀን» ብሎ ይጀምራል እንጂ በእርግጥ የተመለሱበትን ቀን አይናገርም። ከእሱ የሚበልጠው የወር ደመወዝ መግለጫዎ ነው። በአደገኛ ቀጠና ላለ ወታደር የሚከፈለው አበል በወር 225 ዶላር ነበር፤ ከፌብሩዋሪ 2012 ጀምሮ ግን በቀን 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም እየታሰበ፣ በቀጠናው ለዋሉበት ቀን ብቻ እንዲከፈል ተደርጓል። የማርች 2012 መግለጫዎ ላይ ከዚህ አበል 75 ዶላር ካለ፣ ያ ማለት አሥር ቀን ነው፤ ማርች 10 ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ምስክር አያገኙም። በዕለቱ ማንም ለክርክር ብሎ አላዘጋጀውምና።

የዘመቻ ሜዳዩን ኮከብ በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። የአፍጋኒስታን ዘመቻ በምዕራፍ የተከፋፈለ ሲሆን ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ የነሐስ ኮከብ ይሰጣል። አንደኛው ምዕራፍ ጁን 30 ቀን 2011 አብቅቶ ቀጣዩ ጁላይ 1 ስለጀመረ፣ እርስዎ በሁለቱም ውስጥ ስለነበሩ ሁለት ኮከብ ይገባዎታል። በተሳሳተው ቀን እንኳ ቢታሰብ ሁለት ነው፤ ስለዚህ ይህኛው ከቀን ስህተቱ ጋር አይያያዝም።

የዘመቻ ሜዳይ በቦታው በመገኘት የሚገኝ ነው። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች በአማርኛ የተጻፈበትን የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ያገኙትም በዚሁ መንገድ፣ በመዝመታቸው ነው። በወታደሩ አጠራር አርኮም የሚባለው የምስጋና ሜዳይ ግን አዛዥ አቅርቦት፣ ሥልጣን ያለው መኮንን ፈርሞበት፣ ቋሚ ትእዛዝ የወጣለት መሆን አለበት። ሰርተፊኬቱ በእጅዎ ስላለ ዕድለኛ ነዎት፤ ነገር ግን በወርቃማው ማኅተም አይመኑ፣ ከታች ያለውን የትእዛዝ ቁጥር ይፈልጉ። የቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች ትእዛዙ የወጣበት ዕለት ከዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ ያመለክታሉ፤ 041 ከሆነ ፌብሩዋሪ 10 ማለት ነው። ቁጥሩና የተጻፈው ቀን ከተስማሙ፣ ሰርተፊኬቱን ዲኤ 638 ከተባለው የሽልማት ማቅረቢያ ቅጽ ጋር አያይዘው ይልካሉ፤ ሳጥን 13 ውስጥ መግባቱ የጸሐፊ ሥራ ይሆናል። ቁጥር የሌለው ሰርተፊኬት ከሆነ ግን ጌጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከፋይልዎ ውስጥ ትእዛዙን መፈለግ ግድ ነው። በዚያው አጋጣሚ ክፍልዎ እርስዎ ከወጡ በኋላ የጋራ ሽልማት አግኝቶ እንደሆነም ያጣሩ፤ የክፍል ሽልማት ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ስለሚወጣ በሥራ ላይ ሳሉ በነበረው ወረቀት ላይ ሊገኝ አይችልም።

ስምን በሚመለከት ጥያቄው አንድ ነው፤ ስህተቱ የገባው መቼ ነው? የእኛ ሰው የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም፣ የአባቱ ስም የመሐል ስም እየሆነ ይመዘገባል፤ «ጸጋዬ»ን ደግሞ አንዱ ጸሐፊ በቲ እና በኤስ፣ ሌላው በዜድ ይጀምረዋል። የምዝገባ ውልዎን፣ ዲዲ ፎርም 4 የሚባለውን፣ ከዲዲ-214 ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በውሉ ላይ ትክክል ሆኖ በስንብቱ ላይ ከተዛባ የጽሕፈት ስህተት ነውና ይታረማል። በአገልግሎት ላይ ሳሉ ዜግነት ሲያገኙ ስሙ ተስተካክሎ ከሆነም የዜግነት ሰርተፊኬቱ ማስረጃ ይሆናል። ከስንብት በኋላ የተለወጠ ስም ግን በዚህ ወረቀት ላይ አይገባም፤ ዲዲ-214 በተሰናበቱበት ዕለት የነበረውን ሁኔታ የሚያሳይ ሰነድ ስለሆነ። በዚያ ጊዜ የስም ለውጡን ማስረጃ ከወረቀቱ ጋር አብሮ መያዝ ይበቃል።

እስከዚህ ያሉት አራቱ ጉዳዮች ማስረጃቸው ከተሟላ ፎርት ኖክስ በሚገኘው የሠራዊቱ የሰው ኃይል ዕዝ በኩል ያለ ክርክር የሚያልቁ ናቸው። ውጤቱ አዲስ ዲዲ-214 አይደለም፤ ዲዲ-215 የሚባል የእርማት ወረቀት ነው። አሮጌው እንዳለ ሆኖ ይህ ከጎኑ ይያያዛል፤ «አሮጌውን አልቀየሩልኝም» ብሎ መልሶ መጻፍ ጊዜ ማባከን ነው።

የፍንዳታው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ሳይደባለቅ መታየት አለበት። የውጊያ ተሳትፎ ባጅ በሜይ 2005 የተመሠረተ ሲሆን ወደ ኋላ ተመልሶ ከሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ወዲህ ላለው ጊዜም ይሠራል፤ የሚሰጠውም እግረኛ ባይሆኑም እንኳ ጠላትን ለተዋጉ ወይም ጠላት በቀጥታ ላጠቃቸው ወታደሮች ነው። በኮንቮዩ ውስጥ መኖር ብቻ አይበቃም። ስንተኛው መኪና ላይ ነበሩ? ፍንዳታው ከእርስዎ በስንት ሜትር ነበር? ከዚያ በኋላ ምን አደረጉ? በጥያቄዎ ላይ «መኪናችን ተመታ» ብለዋል፤ የእርስዎ መኪና ነው ወይስ የጓድዎ? በአማርኛ «መኪናችን» ሁለቱንም ይሆናል፤ በማመልከቻው ላይ ግን ውሳኔው በዚህች ቃል ላይ ሊንጠለጠል ይችላል።

ፐርፕል ኸርት የሚባለው የቁስለኛ ሜዳይ ደግሞ ከሌሎች ጌጣጌጦች ሁሉ የሚለይበት ነገር አለ፤ አዛዥ ስለወደደዎ አቅርቦ የሚያሸልምዎት አይደለም። መስፈርቱን ካሟሉ መብትዎ ነው። መስፈርቱ ጉዳቱ በጠላት ድርጊት የደረሰ መሆኑ፣ የሕክምና ባለሙያ ሕክምና የሚያስፈልገው መሆኑና ሕክምናው በመዝገብ መግባቱ ነው። በእርስዎ ሁኔታ ጉዳቱ የጭንቅላት መናወጥ ስለሆነ፣ ጦሩ በ2011 ባወጣው ማብራሪያ መሠረት ራስን መሳት ወይም በሕክምና ትእዛዝ ከ48 ሰዓት በላይ ከሙሉ ሥራ መታገድ ትልቅ ክብደት አለው። ስለዚህ ከሕክምና መዝገብዎ ውስጥ የሚፈልጉት ወረቀት ኤስኤፍ 600 የሚባለውን የዕለት ሕክምና ማስታወሻ ነው፤ በዚያ ላይ «ራሱን ስቶ ነበር» ወይም «ለሦስት ቀን ከሥራ ይታገድ» የሚል አንድ መስመር ካለ ጉዳይዎ ከግማሽ በላይ አልቋል። ከዓመታት በኋላ የወጣ የራስ ምታት ማስረጃ የዚያን ዕለቱን መስመር አይተካም። እዚህ ላይ ተስፋ ልሰጥዎት አልፈልግም፤ መዝገቡ ባዶ ከሆነ የቁስለኛውን ሜዳይ ትተው በባጁ ላይ እንዲያተኩሩ እመክራለሁ፤ ባጁ ሕክምና አይጠይቅምና።

ለሁለቱም የምስክሮች ቃል ያስፈልግዎታል፤ ከራስዎ ሌላ ቢያንስ የሁለት ሰዎች። ምስክር ማለት «ጀግና ነበር» የሚል አይደለም፤ የት እንደነበረ፣ ምን እንዳየ፣ ማን ከመኪናው እንዳወጣዎት የሚናገር ነው። ሁለት ምስክሮች አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ከጻፉ አንድ ሰው እንዳጻፋቸው ይቆጠራል፤ እንዳይቀዱ ያድርጉ። እርስዎም ሆኑ ከምስክሮችዎ መካከል ኢትዮጵያ ያለው ጓድዎ ለማስፈረም አዲስ አበባ ኤምባሲ ድረስ መሄድ የለባችሁም። በአሜሪካ ሕግ መድበል 28፣ ክፍል 1746 መሠረት፣ ከአሜሪካ ውጭ ያለ ሰው የሰጠው ቃል እውነት መሆኑን በአሜሪካ ሕግ መሠረት በሐሰት ምስክርነት ቅጣት ሥር እንደሚያረጋግጥ በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ቀን ጨምሮ ከፈረመ በመሐላ እንደተሰጠ ይቆጠራል። «በአሜሪካ ሕግ መሠረት» የሚለው ሐረግ ከውጭ ለሚጽፍ ሰው የግድ ስለሆነ አይርሱት።

የሰው ኃይል ዕዙ እምቢ ካለ ቀጣዩ በር የሠራዊቱ የሰነድ እርማት ቦርድ ነው፤ ማመልከቻው ዲዲ ፎርም 149 ነው። ዕዙን ሳይጠይቁ በቀጥታ ወደ ቦርዱ ቢሄዱ መጀመሪያ ወደዚያ ሂዱ ተብለው ይመለሳሉ፤ ስለዚህ የእምቢታውን ደብዳቤ ያስቀምጡ። ቦርዱ በሲቪሎች የተዋቀረ ሲሆን የሚወስነው በወረቀት ነው፤ ቀርቦ የመሰማት መብት የለዎትም። ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው ቦርዱ መርማሪ አለመሆኑ ነው። መንግሥት ሥራውን በትክክል እንደሠራ ይገመታል፤ ያንን ግምት የማፍረስ ሸክም የአመልካቹ ነው።

ጊዜን በተመለከተ፣ ማመልከቻው ስህተቱን ካወቁበት ወይም ማወቅ ከነበረብዎት ቀን አንሥቶ በ3 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የእርስዎ አልፏል። ሆኖም ሕጉ ቦርዱ ለፍትሕ ሲባል መዘግየቱን እንዲያልፈው ሥልጣን ሰጥቶታል፤ ቅጹም ለምን እንደዘገዩ የሚጠይቅበት ቦታ አለው። እዚያ ላይ «አላውቅም ነበር» ብቻ አይጻፉ፤ ወረቀቱን መቼ እንዳነበቡት፣ ስህተቱ መቼ ምን እንዳስከለከለዎት፣ ፋይሉን መቼ ጠይቀው መቼ እንዳገኙ በቀን ይዘርዝሩ። ውሳኔው አይቸኩልም፤ ሕጉ ራሱ ከማመልከቻዎቹ 90 በመቶ በ10 ወር ውስጥ፣ ሁሉም ደግሞ በ18 ወር ውስጥ እንዲወሰኑ ነው የሚያዝዘው። በመሐሉ ቦርዱ ከሌላ ክፍል የባለሙያ አስተያየት ካስመጣ ቅጂውን ልኮ መልስ ይጠይቅዎታል፤ የመልሱ ጊዜ አጭር ስለሆነ በፖስታ ሳጥን ብቻ አይታመኑ፣ በየቀኑ የሚከፍቱትን ኢሜይል ይስጡ። ኮፒ እንጂ ዋናውን ሰነድ በፍጹም አይላኩ። ቦርዱ እምቢ ቢል እንኳ ቀደም ሲል ያልነበረ ማስረጃ ሲያገኙ እንደገና እንዲታይልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ለጉዳቱ ቪኤ ከተባለው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የሚጠይቁት አበል ካለ ይህ ሁሉ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ያ የሌላ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ነውና በራሱ መንገድ ይሄዳል።

የቀረው የልደት ዘመን ነው። ጥቅምት 12 ቀን 1978 በእኛ አቆጣጠር ተወልደው ኦክቶበር 12 ቀን 1978 ተብለው ተመዝግበዋል፤ ትክክለኛው ኦክቶበር 22 ቀን 1985 ነበር። ሰባት ዓመት ከአሥር ቀን አርጅተዋል ማለት ነው፤ ይህም በአገራችን ሰው ላይ በየቀኑ የሚደርስ ነገር ነው። ነገር ግን እንደ ጻፉልኝ ፓስፖርትዎም፣ የዜግነት ሰርተፊኬትዎም፣ የምዝገባ ውልዎም ያንኑ ቀን ይዘዋል። ስለዚህ ዲዲ-214 ላይ የጸሐፊ ስህተት የለም፤ ጸሐፊው ያገኘውን ነው የገለበጠው። የዜግነት ሰርተፊኬቱን የሚያርመው የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በደንቡ መሠረት አመልካቹ ራሱ ትክክል ነው ብሎ ያቀረበውን ልደት በኋላ «ተሳስቼ ነበር» ቢል አያርምም። ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ጋር ደባልቀው ካስገቡት ገና በመጀመሪያው ገጽ ላይ በመሐላ የሰጡት ቃል ያጠራጥራል፤ ያ ጥርጣሬ ደግሞ ወደ ፍንዳታው ምስክርነት ይሻገራል። በጉዳዩ ላይ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ አንዲት ቃል አይጻፉ፤ በማመልከቻው ላይም የልደት ቀንዎን ከተጠየቁ በዲዲ-214 ላይ እንዳለው ይሙሉት።